ማሩን የላስኩበት ፊልም

አሮጌው የፊልም ማሳያ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ፣ በረዶ የተቀላቀለበት የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ዘንድሮ ድምፁን ስሰማ ልጅነቴ ተመልሶ መጣ፤ እኔም በናፍቆት አልተቀበልኩትም። «ያሳደገችሽም ሞታለች፣ ይቅር በያት» የሚሉኝ አሉ። እነሱ እኔ ያደግሁበት ቤት አላደጉም።

እናቴ ስትሞት ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ከብልባላ በአህያ ጭኖ ላሊበላ አመጣኝና ለዘመዱ ለእቴቴ ጥሩነሽ አስረክቦኝ ሄደ። እቴቴ ጌትነት የሚባል ከእኔ የሚያንስ አንድ ልጅ ነበራቸው። በዚያው ክረምት አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጠግን የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ የላይኛውን ክፍል ተከራየ። እኔ ጭቃውን ከደረጃው ላይ ስጠርግ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ጌትነትን አዝዬ ሳባብል እውል ነበር፤ ፈረንጁ ደግሞ ካሜራውን እያሽከረከረ ይከተለን ነበር። ካሜራው ሲወጣ እቴቴ የራሳቸውን ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጉልኝ፣ ካሜራው ሲገባ መልሰው ይወስዱት ነበር። መልሰው ሲወስዱት ፊልሙ አያሳይም።

ኅዳር ላይ ነጩ ማር ሲቆረጥ፣ ፈረንጁ የአገራችን ሰው የሌላ ሰው ልጅ እንዴት አድርጎ የራሱ እንደሚያደርግ ጠየቀ። እቴቴም የነፍስ አባታቸውን አባ ተክሌንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠርተው፣ ግቢው መካከል፣ ካሜራው ፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡኝ። «ከሆዴ እንደወጣች ልጄ ናት፤ ብክዳት እግዜር ይካደኝ» ብለው ማሉ፤ አባ ተክሌም መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩን። ፈራ ተባ እያልኩ «እማዬ» ብላቸው «ወዬ» አሉኝ። ለገና ግቢው በእንግዳ ሲሞላ፣ ከሩቅ የመጡትን ሰዎች እግር ሳጥብ እንኳ ደስ እያለኝ ነበር፤ የቤቱ ልጅ ነበርኩና።

በልግ ሲገባ ፈረንጁ ዕቃውን ጭኖ በጋሸና በኩል ወጣ። መኪናው ከዓይን እንደጠፋ «እማዬ!» ብዬ ብጣራ፣ እቴቴ ዞረው እንኳ ሳያዩኝ፣

«እሱ ለፈረንጁ የተደረገ ጨዋታ ነው። በይ እንደ ድሮው እቴቴ በይኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ መኝታዬ ወፍጮው አጠገብ ሆነ። ጌትነት ትምህርት ቤት ገባ፤ እኔ ደብተሩን ተሸክሜ አደርሰውና ከበር እመለስ ነበር። አደግሁ፣ አግብቼ ወጣሁ፣ እቴቴ ሲታመሙ ግን ያስታመምኩ እኔ ነኝ። ሲሞቱ ጌትነት ለለቀስተኛው «ይቺ እናቴን የምትረዳ የቤታችን ሰው ናት» ብሎ ወጥ ቤት ካሉት ሴቶች ጋር አስቀመጠኝ። እኔም ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ፤ መታዘዝን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ዘንድሮ የዚያ ፈረንጅ ልጅ፣ አባቷ የተወውን ፊልምና ማሳያውን ይዛ መጣች። ጌትነት አዲስ አበባ ነበርና እኔ ተቀበልኳት፤ ማሳያውን እንዴት እንደማሽከረክረው አሳይታኝ፣ ትታልኝ ሄደች። ለብቻዬ አየሁት፤ አይቼም የእቴቴን ሙት ዓመት ጠበቅሁ። ጌትነት ለሙት ዓመቱ ሲመጣ «የእናትህ ፊልም ተገኘ» ስለው እንደ ሕፃን ቦረቀ፤ ነጩን አንሶላ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የሰቀለው እሱ ነው።

ድግሱ ላይ የታደመው ሁሉ «ውይ ጥሩነሽ፣ ስታምር!» እያለ ሲያይ ቆይቶ፣ አንሶላው ላይ ማሩ ሲመጣ ዞሮ እኔን አየኝ። ጌትነት ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ይሄማ ጨዋታ ነው፤ ለፈረንጁ ብለው ነው፤ እናቴ ነግራኛለች።»

ከእቴቴ ጋር አብረው ያደጉ አንዲት መነኩሲት ከፊት ሆነው፣ «ዝም በል አንተ! አባ ተክሌ ለጨዋታ መስቀል ያወጣሉ? ከንፈሯን እየው፤ እየማለች እኮ ነው!» አሉት።

«ታዲያ በለቅሶው ወጥ ቤት የከተትካት እህትህን ነዋ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሰዉም ሳቀ። «መልሺው! እንደገና አሳዪን!»

መለስኩላቸው። ደግሜም መለስኩላቸው። ለእቴቴ ጨዋታ ሆኖ ይሆናል፤ እኔ ግን ዋጥኩት፤ አሁን ደግሞ እሳቸው ተነስተው ሊክዱኝ አይችሉም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጌትነት ቤቴ ድረስ መጣ።

«እህቴ፣» አለኝ፣ «ያቺን ቦታ ብቻ ቆርጠን ብናወጣት፣ የቀረው ለልጆቼ ማስታወሻ...»

«እናታችንን ከመሃል ልትቆርጣት?» አልኩት።

ያኔ ወፍጮው ሥር ተኝቼ፣ ያቺን «እህቴ» የምትል ቃል ከእሱ አፍ ብሰማ ዓመት ሙሉ የሚያሞቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሰማኋት፤ ምስሬንም እየለቀምኩ፣ ፀሐዩ አናቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ በሩ ላይ አቆምኩት እንጂ ግባ አላልኩትም።