ከሰልፉ የወጣችው ጽጌ

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ላጫውታችሁ። በደርግ ጊዜ ፒያሳ፣ በቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ተወዛዋዥ ነበርኩ። ለአብዮት በዓል ሃያ አራት ሴቶች በአንድ መስመር ቆመን እግራችንን እኩል የምናነሳበት ትርኢት እናጠና ነበር። ሁላችንም እንደ አንድ ሰው ስንረግጥ ደስታው ልዩ ነው። ልምምዱን ለማየት ሰው በአዳራሹ መስኮት ይንጠለጠል ነበር።

አንድ ቀን አሰልጣኛችን ምት የሚሰጠንን ጭብጨባ አቆመና «ከእናንተ አንዷ ትዘገያለች። ማናት?» አለ። እርስ በርስ ተያየን።

«ካልነገራችሁኝ ትርኢቱ ይሰረዛል!»

ይሄኔ አጠገቤ የምትቆመውን ጓደኛዬን ጽጌን ጠቆምኩ። ስትዘገይ ደጋግሜ አይቻታለሁ። እሷም የትርኢት ልብሷን አስረክባ ወጣች።

በማግስቱ ሃያ ሦስት ሆነን ጀመርን። አሰልጣኙ ግን ወዲያው አስቆመን።

«አሁንም አንዷ ትዘገያለች!» አለና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ከዚያ በቀጥታ ሥላሴ አካባቢ ወደሚገኘው የጽጌ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።

«የምዘገየው እኔ እንደሆንኩ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ብቻሽን እንዳትታዪ ብዬ ነው አብሬሽ የምዘገየው።»