በክረምት ቤት ተቀመጪ ሲሉኝ

ሰኔ ሲገባ እኔ ለቤተሰቤ ታማሚ ነበርኩ። ገና ሳላስል፣ ገና ትኩሳት ሳይነካኝ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ታላቅ ወንድሜ ቀና ብሎ ያየኝና «አንቺ ከነገ ጀምሮ ሱቅ አትመጪም» ይለኛል። ከዚያ እስከ መስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ከበረታ ደግሞ እስከ ጥር፣ ተክለ ሃይማኖት ባለው ቤታችን ጋቢ ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ልጅ ሆኜ ሳንባ ምች ይዞኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ አስም አልለቀቀኝም። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ ወንድሜ ስለሆነ፣ በደረቴ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። መርካቶ እንደ ጉድ ሞቋል። አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለው የጨርቅ ሱቃችን በር ላይ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ይራገፋል፣ ገዢ ይጋፋል። እኔ ግን ሠላሳ ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴት፣ የዓመቱን ግማሽ በመስኮት እያየሁ አሳልፋለሁ። መስኮቱም ቢሆን አይከፈትም። የወንድሜ ሚስት ደግ ሴት ናት፤ ብርድ እንዳይገባብኝ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ትወትፍና የከሰል ምድጃውን እግሬ ሥር ታስጠጋልኛለች። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎት፣ ዳማከሴ፤ ያልተሞከረብኝ የለም። ሁሉንም የሚያደርጉት ስለሚወዱኝ ነው። ነገሩን የከበደ ያደረገብኝም ይኸው ነው። የሚጨክኑብኝ ሰዎች ቢሆኑ ድሮ በተጣላኋቸው።

አንድ ጥቅምት ብርዱ ቀለል ብሏል ተብሎ ሱቅ መሄድ ተፈቀደልኝ። በዕድሜ እናቴ የምትሆን ደንበኛ ቆጥ ላይ ያለውን ጣቃ ጨርቅ አሳዪኝ አለችኝ። መሰላሉን ወጣሁ። ጣቃውን ታቅፌ መውረድ ስጀምር ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ መሰላሉ መሐል ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ መጣች፣ ጣቃውን ከእጄ ተቀበለችና አወረደችው። «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለችኝ። ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ፊቴ በእፍረት ነደደ።

ከሄደች በኋላ ወንድሜ «አየሽ? ለዚህ ነው ቤት ተቀመጪ የምልሽ» አለኝ።

«ቤት ተቀምጬ አይደል እንዴ እንዲህ የሆንኩት?» አልኩት።

ከዚያ በፊት እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ጣቃውን መጠቅለል ጀመረ።

በሳምንቱ ለማንም ሳልናገር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ደረቴን አዳመጠችና ስለ ቤታችን ጠየቀችኝ፤ ስለ ምድጃው፣ ስለ መስኮቱ፣ ቀኑን ምን ስሠራ እንደምውል።

«ከሰሉ ይውጣ» አለች። «መስኮቱ ይከፈት። መድኃኒትሽን ሳትይዢ ከቤት እንዳትወጪ፤ ግን ውጪ። ቀስ ብለሽ ጀምሪና በየቀኑ ተራመጂ። ጉልበት ሳይኖርሽ ክረምት ከመጣብሽ በየዓመቱ መውደቅሽ ነው።»

ይህን መጀመሪያ የነገርኩት ከሱቃችን ፊት ለፊት ቅመም ለሚሸጡት ጎረቤታችን ነበር። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ውስጥ ያረጁ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ስኳር በሽታ ነበረባቸው። የነገርኳቸውን ሰምተው ኮረሪማ ማበጠራቸውን አቆሙ።

«እኔንም እኮ ሐኪሙ ተራመጂ ብሎኛል» አሉ። «ልጆቼ ናቸው የከለከሉኝ። እናታችን በጠዋት መንገድ ለመንገድ ስትሯሯጥ ሰው ምን ይለናል ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?»

«ምን ይሻላል ትያለሽ? ነገ ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ መስጊዱ ጥግ ጠብቂኝ።»

መጡ። በረጅም ቀሚሳቸው ላይ የሟች ባላቸውን ካፖርት ደርበዋል፤ እግራቸው ላይ ሸራ ጫማ አድርገዋል። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፤ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ የሚያወርዱ ወዛደሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ወደ ጭድ ተራ ሄደን ልንመለስ ተነሳን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ቆምኩ። ጎረቤቴም ቆሙና ሻሻቸውን ያስተካክሉ ጀመር፤ እኔ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ሻሹ አልስተካከል አላቸው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ግን በማግስቱ መጣን፤ ከዚያም በማግስቱ።

ሚያዝያ ሲደርስ ጭድ ተራ ደርሼ ሳልቆም መመለስ ቻልኩ። ወንድሜ መራመዴን ያውቃል፤ ፀሐይ ስለሆነ አልከለከለኝም። ሐኪሟ ያለችውን ብነግረውም ግን ምድጃው ከክፍሌ አልወጣም። ሰኔ ሲመጣ ግን አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ዝናብ ነው» አለኝ።

«አያለሁ።»

«ብርድ ይመታሻል።»

«ከመታኝ እተኛለሁ። ዛሬ ግን አልመታኝም ጋሼ።»

«ሰዉስ? መርካቶ ሁሉ እየሳቀብሽ ነው።»

«ይሳቅ። ሳቃቸው ደረቴ ውስጥ አይገባም።»

ላስቲክ ኮፍያዬን አጠለቅኩና በጎኑ አልፌ ወጣሁ። እጁን ዘርግቶ ሊይዘኝ ይችል ነበር፤ አልያዘኝም።

ሳቁ እውነት ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እኛ ሁለት ሴቶች ደግሞ ዝናብ ውስጥ እጃችንን እያወናጨፍን እንሄዳለን። አንድ ቀን አንዱ ወዛደር ከመኪናው ላይ ሆኖ «እማማ፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» ሲል ጎረቤቴን ጠየቃቸው።

እሳቸው ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ «እርጅና ነው፤ ወደ አንተም መንገድ ላይ ነው» አሉት። ጓደኞቹ ከሳቅ ብዛት ጆንያውን ጣሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያዩን መንገድ ይለቁልን ነበር።

ያን ክረምት አልተኛሁም። ሳልኩ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ግን ሱቅ ዋልኩ። የወደቅኩት ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ እኔም ቀኑን እያወቅኩ፣ ምን ይመጣል ብዬ ወጣሁ። ጭድ ተራ ስንደርስ እርጥብ ገለባ እየነደደ ጭሱ መንገዱን ሸፍኖታል። ሁለቴ ሳብኩ፣ ሦስተኛው ትንፋሽ እንቢ አለኝ። መድኃኒቴን አፌ ውስጥ ነፋሁ፤ አልበቃም። ጎረቤቴ ላዳ ታክሲ ፊት ገብተው አስቆሙና ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

ስነቃቃ ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«አሁንስ በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፋ። «እናታችን በዚሁ በደረቷ ነው የሞተችው» አለ። «አንቺ ሕፃን ነበርሽ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በየክረምቱ ስትስይ የምሰማው የእሷን ሳል ነው።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እጁን ያዝኩት። አዘንኩለት፤ ግን በማዘኔ ልሸነፍለት አልፈለግኩም።

«የት ነው የሞተችው ጋሼ?» አልኩት።

«ቤት ነዋ።»

«መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ?»

ተነስቶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ጀርባው ለእኔ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሐኪሟ በጭሱ ቀን መውጣቴን ሰምታ ተቆጣችኝ፤ ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ኅዳር ሲታጠን ቤቴ እውላለሁ፤ የምውለው ግን ራሴ ወስኜ ነው። ከጤና ጣቢያ ስመለስ ምድጃው ክፍሌ ውስጥ አልነበረም። የወንድሜ ሚስት «ራሱ ነው ያወጣው፤ መስኮቱንም እሱ ነው የከፈተው» አለችኝ በሹክሹክታ። እሱ ግን ትክክል ነሽ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ትንፋሼ እንደተመለሰ እንደገና ወጣሁ። ታኅሣሥ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጎረቤቴ ሲያዩኝ «ዘገየሽ» ብቻ አሉኝና መራመድ ጀመሩ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ በየቦታው እየቆምን ሄድን። በሚቀጥለው ክረምት ከጨርቅ ተራ ሌሎች ሴቶች ተከተሉን፤ አንደኛዋ ደም ግፊት አለባት፣ ሌላዋ ወገቧን ያማታል፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳይኖርባት ቤት ሰልችቷት ነው የመጣችው። የጎረቤቴም ስኳር ወረደላቸው፤ ልጆቻቸውም ሰው ምን ይላል ማለቱን ተዉት።

ሰዎች እስከ ዛሬ ዳንሽ ወይ ይሉኛል። አልዳንኩም። አስሙ አለ፤ ብርድ ሲሆን ደረቴ ያፏጫል፤ አንዳንድ ክረምት ሳምንት ያስተኛኛል። ሲለቀኝ ግን ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ፤ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።