አደራ የነበረው ቀይ የእሽቅድምድም ሞተር

ጻፊ እንግዲህ። ወንድምሽ ስላደሰው ቀይ ሞተር ነው የምነግርሽ።

ሞተሩ የእኛ አልነበረም። መጀመሪያ የአንድ ጣሊያን ነው አሉ፤ አስመራ ላይ ይሽቀዳደምበት ነበር። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ እዚያው ላለ ሰው ሸጠለት። ያም ሰው ተሽቀዳዳሪ ነበር፤ አያትሽ ወጣት ሳለ እሱ ጋራዥ ነው የሠራ።

አያትሽ አገሩ ተመልሶ እኔን ካገባ በኋላ ጦርነት ሆነ። ሰውዬው ሞተሩን በጭነት መኪና ጭኖ እኛ ወዳለንበት ሰቆጣ መጣ። ቤታችን አደረ። ጠዋት በጎረቤት ፊት የሞተሩን መሪ አያትሽን አስያዘውና «ሓደራ» አለው በትግርኛው፣ «እስክመለስ።» አልተመለሰም።

አደራ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለቤቱ ወይ ልጁ መጥቶ በሰው ፊት «ተረክቤያለሁ» እስኪል ከጫንቃ አይወርድም። አያትሽ ጭድ ቤት ውስጥ አኖረው። ዝገት እንዳይበላው የንብ ሰም አቅልጦ መላ አካሉን ቀባው፤ አይጥ እንዳይገባበት ማርሚታውን፣ ያን የጭሱን ቱቦ፣ በሰም ደፈነው። ወንበሩን እንደ በቅሎ ኮርቻ ቅቤ ያጠጣዋል። የሰፈሩ ሰዎች «ምነው፣ ልትድረው ነው?» እያሉ ይስቁበታል። ስንት መንግሥት ወጣ፣ ስንት ገባ፣ ሞተሩ ጭድ ስር ተኛ። አያትሽ ሊሞት ሲል የተናዘዘልኝም ስለዚሁ ነው።

ወንድምሽ የባጃጅ መካኒክ ሆነና «እማዬ፣ ላድሰው» አለኝ።

«የሰው ዕቃ አትነካም።»

«ማደስ መሸጥ ነው እንዴ? ባለቤቱ ቢመጣ ዝገት ልናስረክበው ነው?»

እንግዲያስ አድስ አልኩት። ፈታው። ሰሙን ሲፍቀው ከስሩ እንደ መስታወት ፊቴን የሚያሳይ ብረት ወጣ፤ ጎኑ ላይ የውድድር ቁጥሩ ሳይቀር አለ። ግን ገጥሞ ቢረግጠው፣ ቢረግጠው አልነሳም አለ። መብላት ተወ። በኋላ ሽቦ ማርሚታው ውስጥ ቢሰድ ጧፍ የሚያህል ሰም መዘዘ።

«አያቴ አንቆት ነው ለካ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። እንዴት ልንገርሽ፣ መሬቱ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ። ገበያተኛው ከነአህያው ቆመ። እኔ አማተብኩ። ያን ሁሉ ዘመን ለከብቶቹ ጭድ ስወስድ ይሄ ሁሉ ጉልበት አጠገቤ ዝም ብሎ ተኝቶ ኖሯል።

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አወጣው። ወር ሳይሞላ የሰውዬው ልጅ ነኝ የምትል ሴት ከመቀሌ መጣች። እኛ ምልክት ሳይነገረን አናሳይም።

«ምልክቱን ንገሪኝ» አልኳት።

«ነዳጅ መያዣው በግራ በኩል የተሰረጎደ ነው፣ እናቴ። ሕፃን ሆኜ እኔ ነኝ በመዶሻ የመታሁት። አባቴ ስቆ ተወው አሉኝ።»

ፎቶው ያሳየው ቀኝ ጎኑን ብቻ ነው። ወንድምሽ ይሄን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። የሰውዬው ልጅ መሆኗን አወቀ። እንደሚያጣውም አወቀ።

ጎረቤት ጠራን። መሪውን ያዘችና «ተረክቤያለሁ፣ ከአደራ ወጥታችኋል» አለች። እኔ ልቤ ቀለለኝ፤ ወንድምሽን ግን ማየት አልቻልኩም።

«አንተ ነህ ያደስከው?» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው አኮረፍክ?»

«አላኮረፍኩም።»

«ውሸታም። አባቴ ሲጋልበው አላስታውስም፣ ትንሽ ነበርኩ። ከመጫኑ በፊት አንዴ ንዳልኝ፣ ልየው።»

አስፋልቱ ላይ ለቀቀው። መታጠፊያው ጋ ሞተሩ ከነወንድምሽ ተጋደመ፣ ጉልበቱ መሬት ሊነካ ደርሶ። ወደቀ ብዬ ጮህኩ። አልወደቀም። እንደ ጭልፊት ተነሳና ከዓይናችን ጠፋ። ሴትዮዋ እጄን ጨብጣ እስኪያመኝ ያዘችኝ።

ተመልሶ አጠፋው። ሴትዮዋ ይዛው የመጣችው አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ራሱ አወጣው፣ ገመዱንም ራሱ አሰረ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም። መኪናው እስኪርቅ ቆሞ አየ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ያ የሞተሩ ድምፅ እስከ ማታ ከጆሮዬ አልወጣም።