ሲሞቅ የማይነሳው የፈርሂያ ፒክአፕ

ፈርሂያ ሁዜይፋ ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ መኪናዋን አታጠፋም ነበር። ድንኳኑ አጠገብ ታቆማለች፣ የእጅ ፍሬን ትስባለች፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታስደግፋለች፤ ከዚያ ትገባለች። ውስጥ ሰው እያለቀሰ ውጭ ሞተሩ ይንደቀደቃል። አንድ ቀን ሼህ አሕመድኑር ዱዓቸውን አቋርጠው፣ «ልጄ፣ ይሄ መኪናሽ ከኛ በላይ አዘነሳ!» ቢሏት ለቀስተኛው ሁሉ በፎጣው አፉን ሸፍኖ ሳቁን ዋጠ።

ነገሩ ከጥጋብ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ዘመዶቿ ሱቅ እንድትከፍት መክረዋት ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ አይቻለሁ፤ አሁን መንገድ ማየት ነው የምፈልገው» ብላ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ገዛች። ደሴ ሄዳ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከዚያ ወዲህ እስከ አቀስታ፣ አንዳንዴም እስከ ወረኢሉ፣ በግ ሆነ እህል፣ ሲሚንቶ ሆነ ሙሽራ፣ የተገኘውን ትጭናለች። በመጀመሪያ «ሴት ሹፌር» ብለው ያፈገፈጉት ሰዎች ዛሬ ጋቢና ካልተቀመጥን ብለው ይጣላሉ።

መኪናው ግን አመል ነበረው። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ ቁልፉን አንዴ ስትነካው ይነሳል። ተነድቶ ከጋለ በኋላ ካጠፋችው ግን አበቃ። ማስነሻው ሞተሪኖ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ ሞተሩ አይቀበልም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ስለዚህ ፈርሂያ ወይ አታጠፋውም፣ ወይ እየተንከባለለ እንዲነሳላት ቁልቁለት ፈልጋ ታቆመዋለች።

ያልመከራት አልነበረም። አንዱ ሜካኒክ ባትሪ አስቀየራት። ሌላው «ሞተሪኖው ነው» ብሎ አውርዶ ሌላ ሰቀለ። ሦስተኛው የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ነቀለ። እናቷ እማማ ዙሀራ ደግሞ «ዓይን ነው! መሪ ይዛ ያያት ሁሉ ማሻአላህ አይልማ» ብለው ቁርኣን አስቀሩለት። መኪናው እንደ ልማዱ ጠዋት ተነሳ፣ ከሰዓት እምቢ አለ።

ጥር ላይ የጎረቤታቸው የቄስ ኪዳነ ማርያም ልጅ ሥርጉት ተዳረች። ፈርሂያ ሥርጉትን በልጅነቷ አዝላታለች፤ «እሷን ሌላ ሰው አይጭናትም» አለች። ጠዋት ሁለት ጊዜ ሚዜና ዕቃ አመላለሰች። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራዋን ለመውሰድ ግቢው ውስጥ ቆመች፤ እንደ ወትሮዋ ሳታጠፋ። ከዚያ የሥርጉትን ሳጥን ልታመጣ ወረደች።

ሙሽራዋ ጋቢና ስትቀመጥ ቄሱ ምርቃት ጀመሩ። በሞተሩ ጩኸት የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከሚዜዎቹ አንዱ በፍቃዱ ጨዋ ሰው ነውና እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን አጠፋው። ምርቃቱ ጥርት ብሎ ተሰማ። ፈርሂያ ግን ጓዳ ውስጥ ሆና የሰማችው ዝምታውን ነበር። ሳጥኑን እንዳቀፈች ሮጣ ወጣች።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። የአባን ምርቃት እንስማ ብዬ...»

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ግፋ!»

ሰርገኛው ኮቱን እያወለቀ ገፋ። ግቢው ጎድጓዳ ነው፤ መውጫው አቀበት። በሩ ድረስ አደረሱት፣ ከዚያ ወዲያ አልሆነም። ከሙሽራው ወገን አንዲት አሮጊት «ሙሽራ የያዘ መኪና እምቢ ሲል ደግ አይደለም» ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ሥርጉት ቬሏን ገልጣ ከጋቢናው ብቅ አለች።

«ኧረ እማማ! ይሄ መኪና በግም ጭኖ እምቢ ይላል። በጎቹም ክፉ ዕድል ኖሯቸው ነው?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፈርሂያ ብቻ አልሳቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኪናው ይልቅ ራሷን ስትጠረጥር ኖራለች። «ሴት አይሆንላትም» ያሉኝ እውነታቸውን ይሆን? እያለች። አሁን ደግሞ በሰው ሰርግ መሃል።

ይህን ጊዜ ጋሽ አስናቀው ከዳሱ ወጡ። በመንገድ ሥራ ካምፕ ሠላሳ ዓመት ማሽን የጠገኑ ሰው ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራውን ትተው ነበር፤ መፍቻ መያዝ ስላልቻሉም የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም።

«ሞተሪኖው ሲያዞረው ቀስ ይላል?» አሏት።

«አይ፣ እንደ ጤነኛ ነው የሚያዞረው።»

«ታዲያ ባትሪና ሞተሪኖ ለምን ቀየርሽ?»

«እሱንማ ያስቀየሩኝን ይጠይቁልኝ።»

«እስቲ አዙሪው።» ወደ ኋላ ሄደው ጭስ ማውጫው ላይ መዳፋቸውን ደቀኑ። ፈርሂያ አዞረች። ጋሽ አስናቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭስ የለም። ናፍጣ ደርሶት መንደድ ቢያቅተው ኖሮ ነጭ ጭስ ይተፋ ነበር። የሚጠጣው አልደረሰውም። ለመሆኑ ሞቆ ሳለ በቁልፍ ተነስቶ ያውቃል?»

ፈርሂያ አሰበች። «አንድ ቀን ብቻ። ታኅሣሥ ላይ ወንዝ ስሻገር መሃል ላይ ጠፋብኝ። ውሃው ሞተሩ ድረስ ተረጭቷል። አለቀልኝ ብዬ ቁልፉን ስነካው ወዲያው ተነሳ። ወላሂ፣ ዱዓዬ ተሰማ ብዬ ነበር።»

«ዱዓሽም ይሰማ፤ ውሃውም አግዞታል» አሉና ፈገግ አሉ። «ኮፈኑን ክፈቺው።»

በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው አንድ ብረት አሳዩዋት። «ይሄ የናፍጣው ፖምፓ ነው። ናፍጣውን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ውስጡ ተበልቷል። ናፍጣ ሲሞቅ እንደ ቀለጠ ቅቤ ይቀጥንና በተበላው በኩል ያፈተልካል፤ ሲበርድ ይወፍርና ይጨመቃል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ፖምፓው ስለሚፈጥን ችግሩ አይታይም። እውነቴን ይሁን ውሸቴን አንድ ጀሪካን ውሃ ይነግረናል።»

ከምንጭ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀረበ። «ባንዴ እንዳትደፊው፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል» አሏት። ፈርሂያ ፖምፓውን በጆንያ ጨርቅ ጠቀለለችና በጣሳ ቀስ እያለች አፈሰሰች። መጀመሪያ እንፋሎት ወጣ፤ ቆይቶ ቆመ። ሩብ ሰዓት ያህል ሰርገኛው ዘፈኑን ትቶ አንድ የብረት ቁራጭ ሲታጠብ አየ። ከዚያ ፈርሂያ ገብታ ቁልፉን አዞረች።

ተነሳ።

እማማ ዙሀራ «አላሁ አክበር!» ሲሉ ቄሱ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ፤ እልልታው ሁለቱንም ዋጣቸው። ፈርሂያ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። በፍቃዱ እስከ ሙሽራው ቤት ድረስ እጁን ቁልፉ አጠገብ አላደረሰም።

ሰርጉ ሲያልፍ ፖምፓውን አወረዱት። ጋሽ አስናቀው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ ፈርሂያ ትፈታለች። «መጀመሪያ የተቀመጠበት ላይ ምልክት አድርጊ፤ ሲመለስ የፀጉር ያህል ከሳተ ሌላ በሽታ ነው።» ምልክት አደረገች፤ ፖምፓውን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልላ በአውቶብስ ደሴ ወሰደችው። ባለሙያው ሲከፍተው እንደተባለው ተበልቶ ተገኘ። በአሥረኛው ቀን ታድሶ ተመለሰ፤ በራሷ እጅ አሰረችው።

በማግስቱ አቀስታ ደርሳ ተመለሰችና በጠራራ ፀሐይ ገበያው መሃል፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ አጠፋችው። ሻይ ጠጣች። የምታውቀውን ሁሉ ሰላም አለች። ተመልሳ ቁልፉን ስትነካው ተነሳ። አጠፋችው፤ አሁንም ተነሳ። አምስት ጊዜ ያህል ደጋገመችው መሰለኝ፤ በርበሬ የምትሸጠው ሙሉሐረግ «ኧረ በቃ፣ መኪናውን አሰለቸሽው!» እስክትላት ድረስ።

አሁን ጭነት በሌላት ቀን ጋሽ አስናቀው ደጅ ትውላለች። የቆመ መኪና ሲመጣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፤ እሷ ትፈታለች፣ ታስራለች። ባለፈው ሳምንት ከማሻ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ «ሜካኒኩ ማነው?» ቢል ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተጠቋቆሙ።