የእህቴ እግርና የእኔ ጎማ

ሾላ ገበያ ውስጥ ቅመምና በርበሬ ከሚሸጡት ሴቶች መሃል የማትቀመጠው የእኔ እህት ብቻ ነበረች። በርጩማ አጥታ አይደለም፤ እኔው ገዝቼላታለሁ። እሷ ግን የኮረሪማውን ጆንያ አስቀመጠችበት። «የተቀመጠች ነጋዴ ገበያዋም አብሯት ይቀመጣል» ትል ነበር፤ ከእናታችን ሰምታው ይሁን ከራሷ አውጥታው አላውቅም። እናታችን ያረፈችው እኔ ፊደል ሳልለይ ነው። ያኔ እህቴ ትምህርቷን ከመሃል አቋርጣ፣ እናታችን ስትቆምበት በነበረው መደብ ቆመች። ስድስት ቀን ገበያ ቆማ ትውላለች፤ በሰባተኛው ደግሞ ቅዳሴ ትቆማለች። ልጅ ሆኜ፣ ትልቅ ሰው ጉልበቱ የማይታጠፍ ይመስለኝ ነበር።

ውሎ አድሮ እግሯ አላስቻላትም። ከጉልበቷ በታች የደም ሥሮቿ እየተቋጠሩ ወጡ። ወደ ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲው መስመር እንደ ታተመ ይቀራል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ መቆም ካልቀነሰች የባሰ እንደሚመጣ ነገራት። እሷም እሺ እሺ ስትለው ቆይታ፣ ደጅ ስንወጣ «ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን በርበሬ ሸጦ አያውቅም» አለችኝ።

መቀመጥን ጠልታ አልነበረም። ቀን ቀጥራለት ነበር እንጂ። ስትደክም፣ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ስትዘፈዝፍ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ሽሮ ስትነፋ ትለው የነበረ ነገር አለ፦ «አንቺ ቢሮ የገባሽ ቀን እኔም እቀመጣለሁ።»

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእሷ መቀመጥ በእኔ መቀመጥ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ደግሞ መቀመጥ የምወደው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ጎማ አለው።

ጊዜው አዲስ አበባ እረፍት ያጣችበት ጊዜ ነው። ቦሌ በየማዕዘኑ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ፎቅ ይበቅላል። መገናኛ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ ዛሬ ያለፍንበትን መንገድ ነገ በቆርቆሮ ታጥሮ እናገኘዋለን። ሰው ሁሉ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ይሸጋገር ነበር፤ ባለበት የቀረ ሰው «ምን ነካሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ይባላል። እኔ መገናኛ አጠገብ አንድ ኮፒ ቤት ከሰዓት በኋላ ብቻ እሠራ ነበር። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው አቤቱታ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለ ውል አጻጻፍ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ወተት ላም አመጋገብ ሳይቀር የማውቀው እየተየብኩ ነው። ያላወቅኩት ቃል ሲመጣ ባለጽሑፉን እጠይቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ እሱም አያውቀውም።

ጠዋቱ ግን የብስክሌቴ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው ሲኤምሲ ያለ ቪላ ይጠብቅ ነበር። አሠሪዎቹ ከአገር ሲወጡ ጥለውለት የሄዱትን ብስክሌት ለእኔ ሸጠልኝ። መንዳት የተማርኩት ድሮ፣ በሰፈር ኪራይ ብስክሌት፣ ጉልበቴን እየላጥኩ ነው። ገና ሳይነጋ በቱታዬ ላይ ነጠላዬን አሥሬ እወጣለሁ። ከመገናኛ በሲኤምሲ አድርጌ አያት፤ አቅሜ ከፈቀደ ወደ ለገጣፎ። ከአያት ወዲያ ያኔ ገና ማሳ ነበር። በየሳምንቱ አንዱ ማሳ ይታጠራል፣ ቀጥሎ አሸዋ ይራገፍበታል። አንድ የከብት አጥራቸውን የሚያበጁ አዛውንት በማለዳ ሲያዩኝ «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ እኔም በምችላት ኦሮምኛ እመልሳለሁ። ከእኔ ብስክሌት ይልቅ ከጎናቸው የበቀለው ፎቅ ይገርማቸው እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን እንኳ ሴት ልጅ በብስክሌት ብለው አላፈጠጡብኝም።

ያፈጠጠማ ሞልቶ ነበር። መገናኛ አካባቢ የታክሲ ረዳቶች ከበር ላይ ተንጠልጥለው «እህቴ፣ ጎማሽ እየዞረ ነው» ይሉኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ቀልድ ጠግቦታል። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲዎቹ ከቆሙ እኔም «የእናንተስ መቼ ነው የሚዞረው?» ብዬ በመሃላቸው ሾልኬ አልፋለሁ። ተሳፋሪው ይስቃል። ያቺ ሳቅ አብራኝ አያት ትደርስ ነበር።

ከዚያ ቢሮው መጣ። ከእህቴ በርበሬ የምትገዛ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቦሌ ያለ የአንድ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። እህቴ ለካ ስንት ወር ሙሉ በርበሬ ስትሰፍርላት ምርቃት እየጨመረች ለምናታለች። አንድ ቀን ሴትየዋ ልጅቷ ትምጣ አለች። ሄድኩ። ፎቁ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በሊፍት ወጣሁ፣ ተየብኩላቸው፣ ሒሳብ ሰጡኝ፣ ሠራሁ። የቢሮው ኃላፊ ደስ አለው። ጥያቄ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ፣ በስንት ሰዓት ተገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቅኩት። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ጎህ ሲቀድ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ ያልፋል፣ ሲመሽ ይመልሳል፤ ቅዳሜም አለ። «ሌላ ሰው ደመወዙን ነው የሚጠይቀኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጎህ ሲቀድ እኔ የት እንደምገኝ ግን አልነገርኩትም።

ስመለስ እህቴ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ገዝታ፣ ተኩሳ፣ አልጋዬ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ልኬን ሳትጠይቀኝ ነው የገዛችው፤ ልክክ አለ። «ላስብበት እታለም» አልኳት። እንደ ቀልድ አየችኝ። በሁለተኛው ሳምንትም «ላስብበት» ስል ግን ዝም አለች። እህቴ ዝም ካለች ደግሞ አንድ ነገር እያዘጋጀች ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ የነፍስ አባታችን፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሦስተኛው እህቴ መደብ አጠገብ እህል የሚሸጡት የወሎው ሰው፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው። ግቡ ብዬ ወንበር ሳቀርብ አንዳቸውም አልተቀመጡም። እዚያው ግድግዳ ጥግ ተደርድረው ቆሙ። ያኔ ገባኝ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ቃሉ ካልተሰማለት አይቀመጥም። እህቴ ለሥራ ሽማግሌ ላከችብኝ።

«ልጅ ልንጠይቅ መጥተናል» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

«ለማን ልትድሩኝ ነው?» አልኳቸው።

«ለቦሌ ፎቅ» አሉ ጋሼ። «ሙሽራው ባለ መስታወት ነው። ሊፍትም አለው ብለውናል።»

እህቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ብስክሌቴ የሚያድረው እዚያው ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ጥግ ነው። ዳኛው መቆሙ ሲረዝምባቸው ኮርቻው ላይ በእጃቸው ተደገፉ። እኔ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ ማንሳት አቃተኝ። የነፍስ አባታችን እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። ሲናገሩም ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«ልጄ፣ እህትሽ ቆማ አሳደገችሽ። አሁን እሷን ማን ያስቀምጣት?»

ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ በእኛ ቤት አልተለመደም። እሺ ብል ጠዋቴ አለቀ። እምቢ ብል የእህቴ እግር አለቀ። መሃል ላይ ሆኜ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ቅመም የሚገዛ ሰው በማለዳ አይመጣም። ማለዳ የአትክልት ነው። እህቴ መደቡን ገና ሳይነጋጋ የምትከፍተው መተኛት ስለማትችል ነው እንጂ ገዢ ኖሮ አልነበረም።

«መደቡን እኔ ልያዝ» አልኩ። «ቢሮ ብገባ እስክደላደል ድረስ እሷ መቆሟ ነው። እኔ መደቡን ከያዝኩ ግን ከነገ ጀምሮ ትቀመጣለች።»

ከተናገርኩት አንዲቷም ቃል ውሸት አልነበረባትም። ዳኛው እጃቸውን ከኮርቻው አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ «ፎቁ ተከለከለ በሉ» አሉና ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ፤ ለእህቷ ብላ የሞቀ ወንበር የተወች ልጅ እንዲህ ናት ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። አሜን አልኩ። እያንዳንዱን ምርቃት አሜን እያልኩ፣ በልቤ ግን ለገጣፎ መዳረሻ ያለው ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። እህቴ እኔን አየችኝ፣ ብስክሌቱን አየችው፣ ከዚያ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጥቁሩን ጉርድ ቀሚስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ስትከት ደረስኩባት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«እኔ እዚያ የቆምኩት አንቺ እንዳትቆሚ ነበር።»

ኮፒ ቤቱን ትቼ መደቡን የያዝኩት ሰሞን የኮረሪማውን ጆንያ አውርጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ ገበያው ግን አብሮኝ አልተቀመጠም። ማለዳ ስነዳ፣ ረፈድ ሲል መደቤን ስከፍት፣ ሕይወቴ ልክ እኔ በፈለግኩት መጠን የተሰፋ ልብስ ሆነ። የተሰፋው ግን ከእህቴ ጨርቅ ነው። ዳገት ላይ ጭኔ ሲቃጠል የእሷ ሥሮች ትዝ ይሉኛል። እሷ እግሯን የጨረሰችው በአንድ ሜትር መደብ ላይ ነው፤ እኔ የእኔን ይዤ እዞራለሁ። ነፋሱ ፊቴን ሲያገኘው ግን ደስታው ይመጣል፤ እንዳይመጣ ላደርገው አልቻልኩም።

እህቴ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። እኩለ ቀን ላይ በታክሲ እየመጣች በርጩማዬን ትወስድብኛለች፣ እግሯን ሣጥን ላይ ትሰቅላለች፣ እኔ ቆሜ እሰፍራለሁ። ደንበኛ ሁሉ ሲጠይቃት የምትመልሰው አንድ ነው። «ቦሌ ቢሮ ተሰጥቷት፣ ለእኔ እግር ብላ ተወችው፤ አይታችኋል እንዲህ ያለች ልጅ?» ሴቶቹ ይመርቁኛል። እኔ ሚዛኑ ላይ አቀረቅራለሁ።

አንድ ቀን ያቺ ቢሮውን ያገኘችልኝ ሴት መጣች። እንደተቀየመች ፊቷ ይናገራል፤ አይፈረድባትም። እህቴ ያንኑ ነገሯን ደገመችላት።

«ለአንቺ እግር ነው እንዴ?» አለች ሴትየዋ። «እኔ በየማለዳው ከሰርቪሳችን መስኮት አያት መንገድ ላይ በብስክሌት አያታለሁ። እኛ መንገድ ተዘግቶብን ቆመን እሷ ታልፈናለች። ለራሷ ነው የመሰለኝ።»

በእጄ የያዝኩትን እርድ መልሼ ጆንያው ላይ ደፋሁት። ጋሼ ከጎናችን ጤፍ ማበጠራቸውን አቆሙ። እህቴ ግን ከበርጩማዋ ሳትነሳ አንዲት ኮረሪማ ፈልፍላ ለሴትየዋ ዘረጋችላት።

«ይቺ ዛሬ ነው የገባችው፤ እስቲ አሽትቻት» አለቻት።

ሴትየዋ ኮረሪማዋን ገዝታ ሄደች። እቃ ሰብስበን ሸራውን ስናለብስ አልቻልኩም።

«እታለም፣ ያኔ ለሽማግሌዎቹ ያልኩት ነገር…»

«ዳኛው ኮርቻው ላይ ተደግፈው ሲቆሙ ዓይንሽ የት እንደነበር አይቻለሁ» አለችኝ። «ያሳደግኩሽ እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ ለእኔ ብላ ነው ትያለሽ?»

የሸራውን ገመድ እየቋጠረች ነበር። ቋጠሮውን ጨርሳ ነው የመለሰችልኝ።

«ስንት ዘመን ስቆም ለማን ብለሽ ነው ያለኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ የሆነ ነገር ተወ ሲባል መስማት ደስ ይለኛል። እስቲ ልበለው፣ ተይኝ።»

ተውኳት። ዛሬም ትለዋለች፣ ዛሬም አቀረቅራለሁ። የእግሯ እብጠት ጎደል ብሏል፤ ሥሮቿ ግን የወጡት ወጥተው ቀርተዋል። ብስክሌቱን ልተው ብዬ አውቃለሁ። ሳምንት ሳይሞላኝ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው ብላ እሷው አስወጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ስመለስ ደጃፍ ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀምጣ፣ ምስር እየለቀመች ትጠብቀኛለች፤ ቀድሞ ጠይቃኝ የማታውቀውንም ትጠይቀኛለች።

«ዛሬ እስከ የት ደረስሽ?»

ባለፈው ሰሞን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ፣ ለገጣፎን አልፌ፣ አስፋልቱን ለቅቄ በማሳዎቹ መሃል ሄጄ፣ ፀሐይ ፊት ለፊቴ ስትወጣ አይቼ ነበር የተመለስኩት። ደስታው ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም። እሷን ግን ምስሯን ይዛ፣ እግሯን ዘርግታ ሳያት አፌ ሌላ አወጣ።

«አያት ድረስ ብቻ ነው፤ ቅርብ ነው» አልኳት።

ጎማዬ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር የማሳ ጭቃ አየችው። ምስሯን ለቀመች።

«እንግዲያው እጠቢው» አለችኝ። «የአያት አስፋልት ቤቴን እንዳያጨቀየው።»