ስሜን ሲሰርዝ ስሙን ያስመዘገበው አለቃዬ

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ፣ በሰው በተሞላ አዳራሽ፣ አለቃዬ «ይህን ድረ ገጽ ብቻዬን ነው የሠራሁት» ሲል ከኋላ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር።

ድረ ገጹ የእኛ፣ የዓረብ አገር ተመላሾች ማኅበር ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ማንኛውም አባል ገብቶ በሚያርመው በዊኪ ሶፍትዌር። የመረጥኩት ከላላ ወረዳ ያለች እህት ስህተት ስታይ ከስልኳ ገብታ እንድታርመው ብዬ ነው።

አለቃዬ ያኔ «ይሄ ድረ ገጽ ሳይሆን የሰፈር ደብተር ነው» ብሎ ስቆብኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ደብተሩን ሳይወደው አልቀረም፤ ስሜን ከፊት ገጹ አጥፍቶ የራሱን ጻፈበት።

እጄን አውጥቼ ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሊቀ መንበራችንን «ጋሽ እንድሪስ፣ እስቲ ‹ታሪክ› የሚለውን ይጫኑልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ተጫኑት።

ዊኪ ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደሰረዘ ሁሉንም ያስቀምጣል። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ የእኔን ስም ከላይ እስከ ታች ደረደረው። ከሁሉም በላይ አንዲት መስመር የአለቃዬ ነበረች። በራሱ የመግቢያ ስም ገብቶ ነው የሰረዘኝ።

ጋሽ እንድሪስ ወደ እሱ ዞረው «ሱብሃነላህ፣ አንተ የሠራኸው ይቺን ብቻ ነው እንዴ?» አሉት። ከዚያ እኔን «ልጄ፣ ስምሽን መልሺ። የሱን መስመር ግን እንዳታጠፊ» አሉኝ።

«ብፈልግም አይጠፋም» አልኳቸው።

ስሜን አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጌ መለስኩት።

እናንተስ ሥራችሁን ሌላ ሰው በስሙ ሲያቀርበው ምን አደረጋችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ እዚህ የሚሰርዛችሁ የለም።