ሰባቱ የጃፓን ጥንዚዛዎች

ባለፈው ሳምንት ለዜና ሥራ ዶራሌ ወደብ ነበርኩ። ከተርሚናሉ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ሰልፍ ለምን እንደረዘመ ሾፌሮቹን እየዞርኩ እጠይቅ ነበር። ሙቀቱ ውጭ አያስቆምም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ሾፌር ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ስከፍት ከመሪው ባሻገር በማስቲሽ የተጣበቀ ትንሽ ሰማያዊ ጥንዚዛ አየሁ። ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ አንቴናዎቹ ከገላው ይረዝማሉ። ስንት ቀን እንደጠበቀ ልጠይቀው አስቤ፣ «ይኼን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ልጄ ነው የለጠፈው። ምነው እናቴ፣ ፈሩት እንዴ? ላስቲክ እኮ ነው።»

ላስቲክ መሆኑን አውቅ ነበር። ጥያቄዎቼን ጨርሼ አመስግኜው ወረድኩ። እስከ ቢሮ ድረስ ግን ስለ ሰልፉ አላሰብኩም።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ነው። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ አባቴ ከጣቢያው አጠገብ የመለዋወጫ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ዓርብ ከተማው ሁሉ ያርፋል፤ ለእኛ ደግሞ የጾም ቀን ነው። ስለዚህ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚቀርበው ፉል ነበር፤ ዘይትና ቃሪያ የበዛበት ፉል፣ እጅ የሚያቃጥል ትኩስ ባጌት ዳቦ።

የዓርብ እንግዳችን እትዬ ሙሉ ነበረች። የእናቴ የአገር ልጅ ናት፤ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር፣ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስና ፈረንሳዊት ሚስቱ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች። ስድስት ዓመት ሆኗታል። ኬንጂ የሚባለውን ልጃቸውን ከዳይፐር ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ «ኬንዬ» ትለዋለች።

አንድ ዓርብ ከቦርሳዋ የክብሪት ሳጥን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ትራሴ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት» አለች። «በነጠላ ጫማ ስመታው፣ ያ ኬንዬ ከበሩ ኋላ በሳቅ ሊሞት። ላስቲክ ነው ለካ። እግሩን ሰብሬበት ደንግጬ ስቆም ‹ያንቺ ይሁን፣ እኔ ሌላ አለኝ› አለኝ።»

«አንቺን ደግሞ ልጅ መጫወቻ አደረገሽ» አለች እናቴ።

«ምን ላድርግ፣ ማን አለው ብለሽ ነው።»

ሳጥኑን ከፈትኩ። የጣቴን ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ጥንዚዛ ነበረች፤ በጀርባዋ ርዝመት ሁለት ቀይ መስመር ይወርዳል። ወደ መስኮቱ ሳዞራት አረንጓዴው ወርቅ፣ ወርቁ ሰማያዊ ሆነ። እግሮቿ እንደ ፀጉር ቀጭን ናቸው፤ መገጣጠሚያቸው ሳይቀር ተሠርቷል። የልጁ አያት ከጃፓን በክብ የላስቲክ እንቁላል ውስጥ ይልኩለታል፤ ሳይሰበር ምን እንዳለበት አይታወቅም። የተደገመበትን ለሙሉ ይሰጣል፤ ሙሉ ለእኔ ታመጣለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ሆኑ። ባለቀንዱ፣ ባለመንጋጋው፣ ባለነጠብጣቡ። ጥጥ ባነጠፍኩበት የቴምር ካርቶን ደረደርኳቸው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እቆጥራቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን የሰበሰብነውን በአዳራሽ እንድናሳይ አዘዙ። ዛጎል ያመጣ ነበር፣ ድንጋይ ያመጣ ነበር። የእኔን በማጉሊያ መነጽር አዩና፣ «ላስቲክም ቢሆን እንደ እውነተኛው መለያ ጻፊለት» አሉኝ። መለያ የሌለው ነፍሳት ቆሻሻ ነው ይሉ ነበር። ሦስት መስመር ይበቃል፦ የት ተገኘ፣ መቼ፣ ከማን እጅ።

ሁለት ማታ ስጽፍ አመሸሁ። በእርሳስ ጀምሬ በቀለም ጨረስኩ። ራስ ዲካ፣ የመሐንዲሱ ቤት። ቀኑ። ከሙሉ እጅ፣ የቤት ሠራተኛ። ሰባት ጊዜ። አስተማሪው ከክፍሉ ሁሉ የእኔ መለያ የተሻለ ነው አሉ።

ኬንጂ በዚያው ግቢ በታችኛው ክፍል ይማር ነበር። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት እናቱ፣ ሙሉ ማዳም የምትላት፣ እጁን ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን መለያ አነበበች፤ ሁለተኛውን አነበበች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ፈገግታው አልነበረም።

«ኬንጂ፣ እነዚህን ለሙሉ የሰጠሃት አንተ ነህ?»

ልጁ ጫማውን አየ። የአያቱን ስጦታ ለማንም እንዳይሰጥ ተነግሮት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። «ጠፍተውብኝ ነበር» አለ።

ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ አልጎላም። «ልጄ ሲሰጣት አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ከየት አወቅሽ?»

«እሷ ነግራኝ ነው።»

ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። ያልተጠየቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ከሦስት ወር በፊት፣ አሸዋማው ነፋስ ዓይን በማያስገልጥበት ቀን፣ እናቴ በርበሬ አስይዛ ወደ ሙሉ ልካኝ ነበር። ኬንጂ ከብረት በሩ ጀርባ ቆሞ በፈረንሳይኛ፣ «የሰማያዊው አንቴና አልተሰበረም? ቀስ ብለሽ ያዢው» ብሎኛል። እኔ ዘንድ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ይህን አዳራሹ ውስጥ አስታውሼዋለሁ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ማዳም እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«አንቺ ጥፋት የለብሽም። የተሰጠሽን ነው የወሰድሽው። ያንቺ ይሁኑ።»

አፌን ዘጋሁ። ከመዝጋቴም በላይ እፎይ አልኩ። አይወስዱብኝም ብዬ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ እትዬ ሙሉ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ዓርብ ስላልነበር እናቴ ገና ከበሩ ገባት። ሙሉ አላለቀሰችም፤ ውኃ ጠጥታ እኔን አየችኝ።

«ሰኒ፣ ስሜን ለምን ጻፍሽው?»

«አስተማሪው ‹ከማን እጅ› የሚለውን ጻፉ ስላሉ።»

«ታዲያ ከኬንዬ እጅ አትይም?»

«ለእኔ የሰጠሽኝ አንቺ ነሻ።»

እናቴን ዞራ አየቻት። «አየሽ፣ እንዲህ ነው የተማረ ሰው» አለች። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረችው፤ ማናችንም አልሳቅንም።

የመኖሪያ ፈቃዷ በማዳም ስም ነው። ሌላ ቤት ለመግባት ደግሞ የቀድሞዋ ማዳም የጻፈችው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ስድስት ዓመት ሠርታ ያለ ደብዳቤ ወጣች። እናቴ የምታውቃቸውን በር ሁሉ አንኳኳች፤ በአንዱም ቤት «ለምን ወጣች?» ከሚለው ጥያቄ አላለፈችም። ሁለት ሳምንት እኔ ክፍል ወለሉ ላይ ተኛች። ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር ገፋሁት፤ እሷ ግን እዚያ እንዳለ ታውቅ ነበር።

አሮጌው ባቡር ያን ጊዜ እያነከሰም ቢሆን ይሄድ ነበር። ጠዋት ጣቢያ ሸኘናት። እናቴ ውኃ ልትገዛ ስትሄድ ብቻችንን ቀረን። ኬንጂ በሩ ላይ ያለኝን ያኔ ነገርኳት፤ ሳልተነፍስ፣ አንድም ቃል ሳላጎድል።

የመስኮቱን ፍርግርግ የያዘው እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ስትቆጣ የማውቀው ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አለች። «እኔማ አውቀዋለሁ። ለእሷ ነበር መንገር።»

እናቴ ውኃውን ይዛ ደረሰች። ሙሉ «በርበሬ እልክላችኋለሁ፣ ሰው ካገኘሁ ሽሮም እጨምራለሁ» አለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ለእናቴ እጇን አወዛወዘች።

ራስ ዲካ ሄጄ ለማዳም መናገር እችል ነበር። በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ፈተና ደርሷል አልኩ፣ ቀጥሎ ክረምቱ ገባና እነ ማዳም ለዕረፍት ከአገር ወጡ፣ ከዚያ መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ በሌላ ሰው ተያዘ። ካርቶኑን ዳግመኛ አልከፈትኩትም። ቤት ስንቀይር የት እንደገባ አላውቅም።

ሙሉን ፈልጌያታለሁ፤ ሰው መፈለግ ሥራዬ ነው። ድሬዳዋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዷ ዘመዷ ቤይሩት ናት አለችኝ። ሌላው አግብታ ሐረር ገብታለች አለ። ሦስተኛው ጭራሽ አላስታወሳትም። ያልተረጋገጠ ነገር ስለማልጽፍ የት እንዳለች አላውቅም ብቻ እላለሁ።

በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ጽሑፌ ላይ እርማት ወጥቶ አያውቅም። ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ለሰው ሲያወሩልኝ እሰማለሁ፤ አመሰግናለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አዳራሹ ውስጥ ለማዳም የሰጠሁትን መልስ ግን እንደ አርታኢ ሆኜ ቃል በቃል ስንት ጊዜ መርምሬዋለሁ። እስካሁን አንድ ስህተት አላገኘሁበትም። እትዬ ሙሉ ሌባ ተብላ የሄደችው በዚያ መልስ ነው።